አየር በሳሳበት ደጋ የጭነት መኪናን ሞተር ማጎልበት፦ በአነስተኛ በጀት የሚከናወን የጥገና ቅደም ተከተል ለላስታ መንገዶች

አኅጽሮተ ጥናት

በላስታ ደጋማ መንገዶች የሚሠራ መካከለኛ የጭነት መኪና አቀበት ላይ ጉልበት ሲያንሰው የሚወሰዱት የተለመዱ እርምጃዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው የናፍጣ ፖምፓውን ማስጨመር፣ ሁለተኛው ሞተሩን አስወርዶ ከላይ እስከ ታች ማሠራት ነው። ይህ ጽሑፍ የመጀመሪያው እርምጃ ሞተሩን የሚጎዳ፣ ሁለተኛውም በከፍታ ባልታረመ ልኬት ላይ ሲመሠረት ባለንብረቱን ላላስፈላጊ ወጪ የሚዳርግ መሆኑን በስሌት ያሳያል። የጽሑፉ ፍሬ ነገር በከፍታ ቦታ ሞተርን የሚያደክመው በዋነኛነት የአየር እጥረት እንጂ የነዳጅ እጥረት አይደለም የሚል ነው። ስለሆነም በጀቱ የጠበበ ሰው ገንዘቡን በቅድሚያ ለልኬት፣ ቀጥሎ ለአየርና ለማቀዝቀዣ፣ ከዚያ ለኮምፕሬሽን፣ በመጨረሻም ለማርሽ ወይም ለተርቦ ቢያውል ይጠቀማል።

1. መግቢያ

ወደ ላሊበላ ጭነት ከሚገባባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ከወልዲያ የሚነሣው ነው። መንገዱ በቻይናውያን በመሠራቱ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» እየተባለ የሚጠራውን የወልዲያ–ወረታ መስመር ተከትሎ የድልብን አቀበት ይወጣል፤ ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለችው ጋሸና ሲደርስ ወደ ቀኝ ተገንጥሎ 64 ኪሎ ሜትር ያህል በመጓዝ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው ላሊበላ ይደርሳል። እህሉ፣ ማዳበሪያው፣ ሲሚንቶው፣ ብረቱና ለገና በዓል ለሚጎርፈው ምዕመን የሚያስፈልገው ሸቀጥ በዚህ መንገድ ሲያልፍ የሚሸከመው በአብዛኛው መካከለኛ የናፍጣ መኪና ነው። መኪናው አቀበት ላይ ሲያዘግም የሚባክነው የሾፌሩ ጊዜ ብቻ አይደለም። የነዳጅ ወጪው ይጨምራል፤ ሞተሩ ይግላል፤ የጭነቱም ኪራይ በሸቀጡ ዋጋ ላይ ተደምሮ ሸማቹ ትከሻ ላይ ያርፋል።

የጥገና ወጪውም ከብዷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ፒስተኑም፣ ላይነሩም፣ ጉርኒሶኑም ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ «ለማንኛውም ሁሉንም ቀይሩት» የሚለው የጥገና ልማድ ባለ አንድ መኪናውን ባለንብረት ዕዳ ውስጥ የሚከት ሆኗል። ስለዚህ ጥያቄው «ሞተሩን እንዴት እናሠራው?» ከሚለው ወደ «የትኛው ብር በቅድሚያ ቢወጣ ብዙ ኃይል ይመልሳል?» ወደሚለው መዞር አለበት።

2. የጥናቱ መሠረትና ዘዴ

ጽሑፉ በመደበኛ ከባቢ አየር ሠንጠረዥና በታወቁ የሞተር ቀመሮች ላይ የተመሠረተ ስሌት ነው። ለምሳሌነት የተወሰደው አራት ሲሊንደር ያለው፣ ተርቦ የሌለው፣ 4.57 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው፤ ከአይሱዙ ኤን ፒ አር ሞተሮች አንዱ የሆነው 4ኤችጂ1 ይህን ያህል መጠን አለው። «ኃይል» ሲባል በኪሎ ዋት ወይም በፈረስ ጉልበት የሚለካው፣ «ጉተት» ሲባል ደግሞ ጎማው መንገዱን የሚገፋበት ጉልበት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ልዩነታቸውም በክፍል 7 ይታያል።

3. አየር ሲሳሳ ሞተሩ ምን ይሆናል?

በባሕር ወለል አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በ2500 ሜትር ከፍታ ክብደቱ ወደ 0.957፣ በ3000 ሜትር ወደ 0.909፣ በ3500 ሜትር ወደ 0.863 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ይህም ማለት በላሊበላ ከባሕር ወለሉ 78 በመቶ፣ በጋሸና አካባቢ ደግሞ 74 በመቶ ያህሉ ብቻ ይገኛል ማለት ነው። ሞተሩ በየዙሩ የሚስበው የአየር ስፋት አይቀየርም፤ የሚቀየረው በዚያ ስፋት ውስጥ ያለው ኦክስጅን ነው።

የምሳሌው ሞተር በደቂቃ 2800 ዙር ሲዞር፣ ሲሊንደሮቹ 85 በመቶ ይሞላሉ ብንል፣ በደቂቃ 5440 ሊትር ያህል አየር ይስባል። ይህ አየር በባሕር ወለል 6.66 ኪሎ ግራም፣ በ3000 ሜትር ግን 4.94 ኪሎ ግራም ነው። ለአንድ እጅ ናፍጣ 20 እጅ አየር ቢመደብ ጭስ ሳይበዛ የሚነድደው ነዳጅ በሰዓት ከ20 ኪሎ ግራም ወደ 14.8 ይወርዳል። ሞተሩ ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት 220 ግራም ናፍጣ የሚያቃጥል ከሆነ ኃይሉ ከ91 ኪሎ ዋት (124 የፈረስ ጉልበት) ወደ 67 ኪሎ ዋት (91 የፈረስ ጉልበት) ይቀንሳል። ሞተሩ አልተበላሸም፤ ነገር ግን ከአራት እጅ አንዱን ያህል አጥቷል።

ይህ በመንገድ ላይ ሲተረጎም እንዲህ ይሆናል። ጠቅላላ ክብደቱ 8 ቶን የሆነ መኪና 8 በመቶ ቁልቁለት ያለውን አቀበት ለመውጣት፣ የጎማ መንከባለል ተቃውሞ ተደምሮ፣ 7.2 ኪሎ ኒውተን ያህል ጉተት ያስፈልገዋል። ከሞተሩ ኃይል 88 በመቶው ጎማ ላይ ይደርሳል ብንል፣ በባሕር ወለል አየር በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር መውጣት የሚችለው መኪና በ3000 ሜትር 29 ኪሎ ሜትር ብቻ ይወጣል። ሞተሩ በመበላት ተጨማሪ 15 በመቶ ኃይል ካጣ ፍጥነቱ ወደ 25 ይወርዳል። ስለዚህ በዚህ ምሳሌ ከ40 ወደ 25 ከወረደው ፍጥነት ትልቁን ድርሻ የወሰደው ከፍታው ነው፤ የሞተሩ መበላት የወሰደው ትንሹን ነው።

4. ናፍጣ መጨመር ለምን መፍትሔ አይሆንም?

ፖምፓው ለባሕር ወለል እንደተለካ ቢቀር እንኳ ከላይ በታየው ስሌት መሠረት በጋሸና ከፍታ ለአንድ እጅ ናፍጣ የሚደርሰው አየር 14.8 እጅ ብቻ ነው። ናፍጣ ሙሉ በሙሉ እንዲነድድ በኬሚስትሪ ሕግ የሚያስፈልገው ዝቅተኛው የአየር መጠን 14.5 እጅ ነው። በሲሊንደር ውስጥ አየርና ናፍጣ ፍጹም የመቀላቀያ ጊዜ ስለሌላቸው ሞተሩ በዚህ መጠን ማጨሱ የማይቀር ነው። እንግዲህ የፖምፓውን ብሎን አዙሮ ናፍጣ መጨመር ሰሃን በሞላበት ማዕድ ላይ ወጥ እንደመደረብ ነው፤ የጎደለው እንጀራው ነው።

በተግባር የሚያጨስ ሞተር ከስሌቱ ትንሽ የበለጠ ኃይል ሊሰጥ ይችላል። ሾፌሩንም የሚያታልለው ይኸው ነው። የጥቂት ፈረስ ጉልበት ዋጋ ግን በሌላ በኩል ይከፈላል። ዘግይቶ የሚነድደው ናፍጣ የጭስ መውጫውን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፤ የፒስተኑ አናት ይግላል፤ ያልነደደው ነዳጅ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት አጥቦ ወደ ዘይት ቋቱ በመውረድ ዘይቱን ያቀጥናል፤ ጥላሸቱም ፋሻዎቹን በቦታቸው ያጣብቃል። ዛሬ ለጥቂት ብር የተጨመረው ኃይል ነገ ሞተር ያስወርዳል።

5. መለኪያው ሲያሳስት

በከፍታ ቦታ ከሚሠሩ ስሕተቶች ሁሉ ውዱ ምናልባት ይህ ነው። የኮምፕሬሽን መለኪያ በሲሊንደር ውስጥ አየር ሲታመቅ የሚደርስበትን ግፊት ያሳያል። አምራቾች በመመሪያቸው የሚያትሙት ቁጥር ግን በአብዛኛው ለባሕር ወለል አየር የተሰጠ ነው። ከውጭ የገባው አየር ግፊት ዝቅ ካለ የታመቀውም በዚያው መጠን ዝቅ ይላል።

የባሕር ወለል የአየር ግፊት 101.3 ኪሎ ፓስካል ሲሆን የ2500 ሜትሩ 74.7 ነው፤ ይህም 74 በመቶ መሆኑ ነው። ስለዚህ መመሪያው 30 ባር የሚልለት ጤነኛ ሞተር ላሊበላ ላይ ሲለካ 22 ባር ገደማ ቢያሳይ ምንም አልጎደለበትም። ይህን እርማት ሳያደርግ የሚያነብ መካኒክ «ሞተሩ አልቋል» ብሎ ሊፈርድ፣ ባለንብረቱም ላይነር፣ ፒስተንና ፋሻ በሙሉ ሊያስቀይር ይችላል። ሞተሩ ተሠርቶ ሲወጣም መለኪያው ዞሮ 22 ባር ያነብባል።

እርማቱ ቀላል ነው፤ የመመሪያውን ቁጥር በቦታው የአየር ግፊትና በባሕር ወለሉ ግፊት ጥምርታ ማባዛት ነው። ለ2500 ሜትር በ0.74፣ ለ3000 ሜትር በ0.69 ይባዛል። ከዚህም የበለጠ አስተማማኙ ዘዴ ሲሊንደሮቹን እርስ በእርስ ማወዳደር ነው። ሦስቱ 22 አንዱ 16 ካነበበ ችግሩ ያለው በአንዱ ላይ ነው፤ ምናልባትም በቫልቩ ወይም በቴስታታ ጉርኒሶኑ ብቻ ይሆናል። አራቱም እኩል ዝቅ ብለው፣ ሞተሩ ዘይት እየበላ፣ በዘይት መሙያው በኩልም በኃይል እየተነፈሰ ከሆነ ግን የፋሻውና የላይነሩ መበላት ይረጋገጣል። ልኬቱ ሞተሩ ሞቆ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖና አስጀማሪው በሙሉ ፍጥነቱ እያዞረ መወሰዱም የግድ ነው።

6. በትንሽ ገንዘብ የሚመለስ ኃይልና የሚድን ሞተር

6.1. የአየር ፊልትሮ። በጠጠርና በአቧራ መንገድ የሚሄድ መኪና ፊልትሮው ቶሎ ይታፈናል። የመታፈኑን መጠን ለማወቅ የሚያስፈልገው ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦና ውኃ ብቻ ነው። ቱቦው እንደ «ዩ» ፊደል ታጥፎ እስከ ግማሹ ውኃ ይሞላል፤ አንዱ ጫፍ በፊልትሮውና በሞተሩ መካከል ካለው የአየር መስመር ጋር ይገናኛል፤ ሌላው ጫፍ ክፍት ይሆናል። ሞተሩ በሙሉ ዙር ሲሠራ በሁለቱ የውኃ ከፍታዎች መካከል ያለው ልዩነት 50 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ፊልትሮው 4.9 ኪሎ ፓስካል ያህል ግፊት እየበላ ነው። በባሕር ወለል ይህ ከአየሩ 5 በመቶ የሚጠጋ ሲሆን በ3000 ሜትር 7 በመቶ ነው። ለምሳሌው ሞተር ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዋት ማለት ነው። የፊልትሮ ዋጋ ከዚህ ኃይል ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው። አሮጌ ፊልትሮን በኃይለኛ የአየር ግፊት ማራገፍ ግን ወረቀቱን ሊቀድደው ይችላል፤ በቀዳዳው የሚያልፈው አቧራም ላይነሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል።

6.2. የራዲያተር ክዳን። ውኃ በ3000 ሜትር ከፍታ በ90 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይፈላል። ይህ ለሞተር የተለመደ የሥራ ሙቀት ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ግን በራዲያተሩ ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ግፊት ወደ 1.6 ባር ስለሚያደርሰው የመፍያው ነጥብ ወደ 113 ዲግሪ ከፍ ይላል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ያለው መኪና አቀበት ላይ ውኃ ሲተፋ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በሞተሩ ላይ ይለጠፋል። ቴስታታው በሙቀት ከመጣመሙ በፊት ሊቀየር የሚገባው ክዳኑ ነው።

6.3. ቫልቭና የናፍጣ መርጫ። የቫልቮች ክፍተት በአምራቹ መመሪያ መሠረት ሲስተካከል ሲሊንደሩ የሚችለውን ያህል አየር ይሞላል። የናፍጣ መርጫዎች አከፋፈትና አረጫጨት በመፈተሻ ሲረጋገጥ ደግሞ ያለው ጥቂት አየር ከናፍጣው ጋር በደንብ ይቀላቀላል። ሁለቱም ሥራዎች በአመዛኙ የእጅ ዋጋ ብቻ የሚያስከፍሉ ናቸው።

6.4. ሞተሩ የግድ ሲወርድ። ልኬቱ መበላትን ካረጋገጠ በኋላም ቢሆን ያልተበላ ነገር መቀየር አይገባም። የክራንክሻፍቱ አንገቶች በማይክሮ ሜትር ተለክተው በመመሪያው ወሰን ውስጥ ከተገኙ አይሞረዱም። በአንጻሩ በተበላ ላይነር ውስጥ አዲስ ፋሻ ብቻ ማስገባት ቁጠባ መስሎ የሚታይ ኪሳራ ነው፤ አዲስ ፋሻ በተበላ ሞላላ ግድግዳ ላይ አይቀመጥምና። ከአዲስ አበባው ሱማሌ ተራም ሆነ ከሌላ ገበያ ያገለገለ ሙሉ ሞተር የሚገዛ ሰው ይኸው መመዘኛ ያስፈልገዋል፤ ልኬቱ በአዲስ አበባ ከተወሰደ የአዲስ አበባን ከፍታ፣ በላስታ ከተወሰደ የላስታን ከፍታ ታሳቢ አድርጎ ማረም ይኖርበታል።

7. ማርሽ፦ ከአሮጌዎቹ ፊያቶች የሚገኝ ትምህርት

በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ወደ ኢትዮጵያ ያስገቡትና «ትሬንታ ኳትሮ» እየተባለ የሚታወሰው ፊያት 634ኤን፣ 8.3 ሊትር የናፍጣ ሞተር ይዞ የሚያመነጨው 75 የፈረስ ጉልበት ገደማ ብቻ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጣውና የአገራችንን መንገዶች ለዐሥርታት ያገለገለው ፊያት 682ኤን3 ደግሞ ከ11.5 ሊትር 180 የፈረስ ጉልበት ያህል ያወጣ ነበር። ሁለቱም ያለ ተርቦ አቀበቱን የወጡት ሰፊ ሳንባ፣ ማለትም ትልቅ የሲሊንደር መጠን፣ እና ዝቅተኛ ማርሽ ስለነበራቸው ነው። ቀስ ብለው ይወጣሉ፤ ግን ይወጣሉ።

የዛሬው ባለንብረት የሲሊንደሩን መጠን ማሳደግ ባይችልም ማርሹን ማስተካከል ይችላል። ለምሳሌ የዲፈረንሻሉ ጥምርታ ከ5.57 ወደ 6.14 ቢቀየር የጎማው ጉተት በእያንዳንዱ ማርሽ 10 በመቶ ይጨምራል። የሞተሩ ኃይል ግን ያው ነው። የሚከፈለው ዋጋ በሜዳ ላይ የሚገኘው ከፍተኛ ፍጥነት በ10 በመቶ ገደማ መቀነሱ ነው። በአቀበትና በቁልቁለት መካከል ለሚውል መኪና ይህ ኪሳራ አይባልም። እንዲያውም ዝቅተኛ ማርሽ ከድልብ ሲወረድ ሞተሩ መኪናውን ይበልጥ ስለሚይዘው ፍሬኑን ከመጋል ይጠብቃል።

8. ተርቦ፦ የጠፋውን አየር መመለስ

ተርቦ የጭስ መውጫውን ጉልበት ተጠቅሞ አየርን አምቆ ወደ ሲሊንደር የሚልክ መሣሪያ ነው። ለከፍታ ያለው ጥቅም በግልጽ ከታየባቸው ቀደምት ሙከራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካዊው መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ያካሄደው ነው። ሞስ «ሊበርቲ» የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና አስጭኖ በኮሎራዶ ወደሚገኘው የፓይክስ ፒክ ተራራ አናት ወሰደው። የተራራው ከፍታ 4300 ሜትር ነው፤ ከላሊበላ አጠገብ ካለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ብዙም አይለይም። በባሕር ወለል 350 የፈረስ ጉልበት ገደማ የነበረው ሞተር በተራራው አናት ያለ ተርቦ 230፣ በተርቦ ደግሞ 356 ሰጠ። ያለ ተርቦ የቀረው ኃይል ወደ 65 በመቶ መሆኑ በዚያ ከፍታ ካለው የአየር ክብደት ጋር ይገጥማል።

የዚህ ሙከራ ትርጉም ለአነስተኛ በጀት ትልቅ ነው። ተርቦ ከፋብሪካው ወሰን በላይ ኃይል ለመጨመር ሲገጠም ፒስተኑ፣ ብሮንዚናውና ጉርኒሶኑ ሁሉ መጠናከር አለባቸው። የጠፋውን አየር ብቻ ለመመለስ ሲገጠም ግን በሲሊንደሩ ውስጥ የሚደርሰው ጫና ሞተሩ መጀመሪያ ከተነደፈለት ብዙም አይርቅም። በ3000 ሜትር የባሕር ወለልን ግፊት ለመመለስ የሚበቃው 0.31 ባር ጭማሪ ነው። የውጭው አየር 10 ዲግሪ ሲሆን ይህ ጭማሪ፣ በመታመቅ የሚፈጠረው ሙቀት ታስቦ፣ የአየሩን ክብደት በሜትር ኩብ ከ0.86 ወደ 1.07 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ማለትም በ23 በመቶ አካባቢ ያሳድገዋል።

ሆኖም ሦስት ቅድመ ሁኔታዎች አሉ። አንደኛ፣ ተርቦ የሚገጠመው ኮምፕሬሽኑ በታረመ ልኬት ለተረጋገጠ ሞተር ብቻ ነው፤ በተበላ ፋሻ ላይ ተርቦ መጫን ትንፋሹን ወደ ዘይት ቋቱ መንፋት ነው። ሁለተኛ፣ የናፍጣ ፖምፓው ከፋብሪካው ከፍተኛ ልክ እንዳያልፍ መታሸግ አለበት። ከላስታ ወደ ቆቦ ሜዳ ሲወረድ አየሩ ስለሚወፍር፣ ነዳጁ ካልተገደበ ያው ተርቦ ሞተሩን ከአቅሙ በላይ ያሠራዋል። ሦስተኛ፣ ለተርቦው ንጹሕ የዘይት መስመርና ሰፊ የዘይት መመለሻ እንዲሁም የጭስ ሙቀት መለኪያ ሊገጠም ይገባል። ሙቀቱ ከ700 ዲግሪ እያለፈ የሚቆይ ከሆነ ሾፌሩ እግሩን ያነሣል፣ ማርሽም ይቀንሳል። ያገለገለ ተርቦ ሲገዛ ተርቦ ኖሮት ከፋብሪካ ከወጣው የዚያው ሞተር ዓይነት ላይ የተፈታ ቢሆን ማኒፎልዱን አዲስ ከማሠራት ወጪ ያድናል።

9. ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ስሌት የሚያመለክተው የወጪ ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው፦

አንደኛ፣ ምንም ከመፈታቱ በፊት ኮምፕሬሽን መለካትና ለከፍታ ማረም፤
ሁለተኛ፣ ፊልትሮ፣ የራዲያተር ክዳን፣ የቫልቭ ክፍተትና የናፍጣ መርጫ ማስተካከል፤
ሦስተኛ፣ ፖምፓውን ለከፍታው በሚስማማ ልክ ማስለካት፤
አራተኛ፣ መበላቱ በታረመ ልኬት የተረጋገጠውን ክፍል ብቻ መቀየር፤
አምስተኛ፣ መንገዱ አቀበት የበዛበት ከሆነ የዲፈረንሻሉን ጥምርታ ከፍ ማድረግ፤
ስድስተኛ፣ ገንዘብ ሲተርፍና ሞተሩ ጤነኛ ሲሆን የጠፋውን አየር ብቻ የሚመልስ ተርቦ መግጠም።

በዚህ ቅደም ተከተል የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሞተር ሳይወርድ የሚከናወኑ ናቸው። የላስታ ጋራዦች የእያንዳንዱን ሞተር ዓይነት የመመሪያ ቁጥር በ0.74 እና በ0.69 አባዝተው በግድግዳቸው ላይ ቢለጥፉ፣ ያለ በቂ ምክንያት የሚወርዱ ሞተሮችን ቁጥር መቀነስ ይቻላል። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችም የናፍጣ ሞተርን ሲያስተምሩ ከውጭ መመሪያዎች የተወሰዱትን ቁጥሮች እንዳሉ ከማስተላለፍ ይልቅ በአገራችን ደጋ ከፍታ አርመው ቢያስተምሩ፣ ሠልጣኙ የሚሠራበትን አየር አውቆ ይወጣል። ከዚህ በኋላ ሊጠና የሚገባው በዚሁ መስመር የሚሠሩ መኪኖችን ኮምፕሬሽን በወልዲያ፣ በጋሸናና በላሊበላ በመለካት ከላይ የተሰጡትን የእርማት ቁጥሮች በመስክ መፈተሽ ነው።